ለጭምት ሴት የሚሆን ድንጋይ

የአልማዝ ቅርጽ የሴትን ጠባይ ይናገራል የሚለውን ነገር ያመጣብኝ እጮኛዬ ነው። እጮኛዬ ልበለው እንጂ ገና ቀለበት አላሰርንም ነበር። ሽማግሌ ልኳል፣ እናቴም እሺ ብላለች፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግን ለምእመኑ ከማሳወቋ በፊት የቅድመ ጋብቻ ትምህርት ጨርሱ ብላን እሱን እየተማርን ነበር። አንድ ቅዳሜ ከትምህርቱ ወጥተን ኮልፌ መንገድ ዳር ታክሲ ስንጠብቅ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። አንዲት ጥፍሯን የተቀባች ሴት ጣቷ ላይ ቀለበት እየቀያየረች ታሳያለች፤ ከሥር በአማርኛ ጽሑፍ ያልፋል። ክብ ድንጋይ የምትመርጥ ሴት ታማኝና ቤቷን ወዳድ ናት ይላል። አራት ማዕዘን የምትመርጥ ሥርዓት የምታበዛ፣ ያለችውን የማትለውጥ ናት። ሁለቱም ጫፉ የሾለ፣ የስንዴ ፍሬ የመሰለውን የምትመርጥ ተጫዋች፣ ደፋር፣ በገባችበት ሁሉ ድምፅዋ የሚሰማ ናት። የእንባ ጠብታ የሚመስለውን የምትመርጥ ደግሞ ጭምት፣ የሆዷን በሆዷ የምትይዝ።

«አንቺ ይቺኛዋ ነሽ» አለኝ፣ እንባዋ ላይ ጣቱን አስቀምጦ። እየጠየቀኝ አልነበረም።

እኔ ስንዴዋ ነበርኩ። ድንጋይ ስለ ሰው ጠባይ አንድም ነገር እንደማያውቅ አላጣሁትም፤ ቪዲዮውን የሠራው ቀለበት ሻጭ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፤ ማን እንደሆንኩ እንዲህ በልበ ሙሉነት ተሳስቶ የነገረኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። የምሄድበት ታክሲ መጣና «እሺ፣ ቻው» ብዬው ገባሁ።

ለምን እንደዚያ እንዳለኝ ለመረዳት የእኔንና የታናሽ እህቴን ሳቅ ማወቅ ያስፈልጋል። አባታችን ልጆች ሳለን ነው የሞተው፤ ከእሱ የወረስነው ነገር ቢኖር ይኸው ሳቅ ነው ይላሉ የሚያውቁት። አንድ ነገር ሲያስቀን መጀመሪያ ድምፅ አይወጣንም፣ ትከሻችን ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አየር ወደ ውስጥ እንስባለን፤ አልነሳም እንዳለ የታክሲ ሞተር ሁለት ሦስቴ ይጎተትና ድንገት ይነሳል። ከተነሳ በኋላ መንገድ ድረስ ይሰማል። ጎረቤት «እነዚያ ልጆች ደግሞ ዛሬ ምን አገኙ?» ይል ነበር። እናታችን እንኳን ለይታን አታውቅም። ጓዳ ሆና «ማንኛችሁ ናችሁ?» ትለናለች፣ እኛም ሁለታችንም «እኔ!» እንላለን፣ ከዚያ እሱ ራሱ ሌላ ሳቅ ያመጣል።

እህቴ በአንድ ክረምት ሞተች። ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች፣ ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ በእግሯ አልተመለሰችም። የቀረውን ማውራት አልወድም።

ድንኳኑ ተነሥቶ፣ የዕድር ወንበሮች ተመልሰው፣ ሰው ሁሉ ወደየጉዳዩ ከሄደ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ከሰዓት ቤት ብቻዬን ቴሌቪዥን ከፍቼ ተቀምጬ ነበር። የጎረቤት ዶሮ በተከፈተው በር ገባች። ሳሎኑ መሃል ቆማ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ዜና አንባቢውን ትክ ብላ ታየዋለች። እሱ ወረቀቱን ሲገልጥ እሷም አንገቷን ወደዚያኛው ወገን ትሰብራለች። ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ሳቅኩ። ያ ሳቅ እንደ ድሮው ተጎትቶ ተነሣ።

እናቴ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች። ገና ልጅ ሳለች ከደቡብ ምዕራብ መጥታ ኮልፌ ከገባች ጀምሮ ሌላ ሥራ አታውቅም። ያን ቀን ጓሮ ሆና ቅቤ ስታጥብ ነበር። ሩጫ ሰማሁ። የእህቴን ስም እየጠራች፣ «መጣሽ? መጣሽ ልጄ?» እያለች በሩ ላይ ደረሰችና መቃኑን ይዛ ቆመች። አየችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ያንን ማየት ለማንም አልመኝም። ዞራ ወደ ጓሮዋ ሄደች። መቃኑ ላይ የእጇ ቅቤ ቀርቶ ነበር፣ በጨርቅ ጠረግኩት።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ አልሳቅኩም። የሚያስቅ ነገር ሲመጣ አፌን በነጠላ ይዤ ጓዳ እገባለሁ፣ እስኪያልፍ ግድግዳ እያየሁ እቆማለሁ። ከልማድ ብዛት ደግሞ ሳቁ ውጭም ተወኝ። ሰው ሁሉ ረጋ አለች፣ በሰለች አለኝ። እኔ ግን በውስጤ አንድ ነገር ብቻ እፈልግ ነበር፤ የራሴ የሆነ፣ እናቴ የማትሰማበት፣ እንደልቤ የምስቅበት ቤት። ሌላ ሴት ከትዳር ልጅ ትፈልጋለች፣ መኪና ትፈልጋለች፣ እኔ የፈለግኩት ይኼንን ነው።

እጮኛዬን ያወቅኩት በእህቴ ለቅሶ ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን የማጽናናት ቡድን ጋር እየመጣ ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። መብራት ሠራተኛ ስለሆነ የድንኳኑን አምፖል ያስተካከለው እሱ ነው፤ በኋላም የእናቴን የገበያ መደብ መብራት ሳይጠራ መጥቶ ሠራላት። እናቴን «እማማ፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ፣ እኔ አለሁ» ይላታል። መልካም ሰው ነው፣ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። እኔን «እህቴ» ነበር የሚለኝ፣ እንደ ምእመን ልማድ። ሽማግሌ ከላከ በኋላ እንኳን አፉ ለምዶበት አንዳንዴ «እህቴ» ሲለኝ እሱ ያፍራል፣ እኔ ደግሞ ሳቄን እውጣለሁ።

እኔን ለምን እንደመረጠኝ አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። መጠየቄ ጥፋት አልነበረም፣ ማንኛዋም ሴት ትጠይቃለች።

«በዚያ ሁሉ ሴት መሃል ሳትጮኺ የምታለቅሺ አንቺ ብቻ ነበርሽ» አለኝ። «ያኔ ነው ልቤ የወደቀው። እንዲህ ያለች ሴት ቤት ውስጥ ሰላም ናት አልኩ።»

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ቆይቶ ግን ከበደኝ። ሳልጮህ ያለቀስኩት ድምፄ ስላለቀ ነበር፤ እሱ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፣ የመጀመሪያውን ቀን አላየም።

በትምህርቱ ላይ ስለ ጠባይ የሚነገር ክፍል አለ። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሰው አራት ዓይነት ነው፤ ሳንጉዊን ተጫዋቹ፣ ኮሌሪክ አዛዡ፣ ሜላንኮሊክ አሳቢውና ሐዘንተኛው፣ ፍሌግማቲክ ረጋ ያለው። ወጣት ሳለን በየኅብረቱ እርስ በርስ ስንፈራረጅበት የኖርንበት ነገር ነው፤ ሰው ሲጋጭ «ተዪው፣ ኮሌሪክ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አስተማሪያችን፣ ባለቤቱን ይዞ የሚያስተምር ሽማግሌ፣ የእያንዳንዱን መገለጫ እየተናገረ ይኼ እኔን ይገልጸኛል የምትሉ እጃችሁን አንሡ አለን። ሳንጉዊን ሲል እጄ ከጉልበቴ ላይ ትንሽ ተነሣ። ሙሉ በሙሉ ሳይነሣ ቀረ፤ ከጎኔ ያለው እጮኛዬ ምን እንደሚል ላየው ፈልጌ ነበር። ሜላንኮሊክ ሲል እሱ እጁን አነሣ።

«አንተ ሜላንኮሊክ ነህ?» አለው አስተማሪው።

«እኔ አይደለሁም። ስለ እሷ ነው» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም በአፌ ፈገግ አልኩ።

ያኔ ልነግረው እችል ነበር፤ አንተ የምታውቃት ሴት እኔ አይደለሁም፣ እኔ ሐዘን ላይ ነኝ ማለት ይቻል ነበር። ግን ሰው ማን እንደሆነ በንግግር አይነገርም ብዬ አሰብኩ። ተጋብተን፣ በራችንን ዘግተን፣ አንድ ቀን አንድ ነገር ሲያስቀኝ ይሰማዋል፣ ከዚያ አብሮኝ ይስቃል። እንዲህ ነበር የማስበው።

የምሠራው ልብስ ስፌት ቤት ነው። ወደ ቆሼ፣ ወደ ቆሻሻ መጣያው፣ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆንን ነፋሱ ሲዞር መስኮቱን ዘግተን ነው የምንሰፋው። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የመዘምራን ልብስ፣ አልፎ አልፎ መጋረጃ። ባልደረቦቼ ከሐዘኑ በፊት የሚያውቁኝ ሴቶች ናቸው። በዚያው ሰሞን አንድ ዘማሪ የታዘዘለትን ረጅም ልብስ ሊለካ መጣ፤ ደልደል ያለ፣ ድምፀ ወፍራም ሰው። ከመሃላችን አንዷ ቸኩላ የአንገቱን መግቢያ ሰፍታ ደፍናው ኖሯል። ሰውየው ከሥር ገባ፣ እጆቹን በየእጅጌው አገኘ፣ ራሱን ግን የሚያወጣበት አጣ። በነጩ ጨርቅ ውስጥ ወዲህና ወዲያ እየተገላበጠ፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ በትሕትና፣ «እህቶቼ፣ በየት በኩል ነው የምወጣው?» አለ።

ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። ልይዘው ሞከርኩ። ሞተሩ ተጎተተ፣ ተጎተተ፣ ተነሣ። ማሽኑ ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ፣ አየር እስኪያጥረኝ። ቀና ስል ሰውየው ወጥቶ እሱም ይስቃል፣ ሴቶቹ ግን እኔን ነው የሚያዩት። ከሁላችን በዕድሜ የምትበልጠው እንባዋን በመርፌ ማስቀመጫዋ ጨርቅ ጠረገችና «እንኳን ደህና መጣሽ» አለችኝ።

የአልማዙን ቪዲዮ በዚያው ሳምንት አሳየኋቸው፣ የትኛዋ እንደሆንኩ ግን አልነገርኳቸውም። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ተመካክረው አይደለም፤ ሁሉም ስንዴዋ ላይ ነው ጣታቸውን ያስቀመጡት። እርስ በርሳቸውም ተፈራረዱ፤ አንዷ አራት ማዕዘን ስትባል ተቆጣች፣ በመቆጣቷም አራት ማዕዘንነቷ ጸደቀባት። «እሱስ ምን አለሽ?» አሉኝ። «ገና አልመረጠም» አልኳቸው።

ቤት ተከራየ፤ ሳንሱሲ ሰፈር፣ ግቢ ውስጥ ያለ ባለ ሁለት ክፍል። ሄደን አየነው። እሱ ከአከራይዋ ጋር ስለ ውሃው ሊነጋገር ሲወጣ እኔ ባዶው ክፍል ውስጥ ቀረሁ። ግድግዳው አዲስ ኖራ ተቀብቷል፣ መስኮቱ ትንሽ ነው፣ ዕቃ ስለሌለ ኮቴ እንኳን ይጮሃል። በዝግታ፣ ለሙከራ ያህል፣ «ሃ» አልኩ። ግድግዳው መለሰልኝ። ደገምኩ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ይኼ ቤት ችሎኛል አልኩ። እሱ ተመልሶ ሲያየኝ «ጸለይሽበት?» አለኝ፤ «አዎ» አልኩት፣ ደግሞም ውሸት አይመስለኝም።

ቀለበት ልንገዛ የወጣነው በዝናብ ወራት ነው። ከኮልፌ መንገድ ዳር ወርቅ ቤቶች ወደ አንዱ ገባን። ሻጯ ወጣት ናት፣ አፏ አያርፍም። የአስተማሪያችን ምክር ቀለበቱ ቀላል ይሁን የሚል ነበር፤ በእናቴ ዘመን በቤተ ክርስቲያናችን ጌጥ ማድረግ ራሱ ያስወቅስ ነበር፣ እሷ ጣቷ ላይ ኖሯት አያውቅም። እሱ ግን ድንጋይ ያለው እፈልጋለሁ ብሏል፣ ለእኔ ሲል።

«ሙሽሪት፣ ነይ ቁጭ በይ» አለች ሻጯ። «አልዋሽሽም፣ ይኼ ኦሪጅናል አልማዝ አይደለም። ኦሪጅናሉ በትዕዛዝ ከዱባይ ነው የሚመጣው። ግን ማን ሊለየው? የቱን ሼፕ ነው የምትወጂው?»

«እሷ ጭምት ናት» አለ እሱ። ስልኩን አወጣ።

«ውይ፣ ይኼን ቪዲዮ አውቀዋለሁ! ስንቱን አጣልቷል መሰለህ። እስቲ ሙሽሪት፣ እንግዳ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የምታወሪው አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?»

«እኔ ነኝ» አለ እሱ።

«ስትናደጂስ ትጮኻለሽ ወይስ ዝም ትያለሽ?»

«ዝም ነው የምትለው።»

«ኧረ እሷን ነው የጠየቅኩት!» አለች። እኔ ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ ስንዴዋን እያየሁ ነበር። ረድፉ ጫፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። «እሷን ላያት» አልኩ። ሻጯ አወጣችልኝ፣ አደረግኳት። የኔ ጣት አጭር ነው፣ ግን በእሷ ረዘመ። እሱ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺ ትጮሃለች» አለ። «የእንባዋን አሳዪን።»

የእንባዋ መጣች። ከእኔ በፊት እሱ ተቀበላት። ድንጋዩ በየት አቅጣጫ እንደሚደረግ ሊያሳየኝ፣ ሹሉ ወደ ልብ ሰፊው ወደ ጥፍር ይሁን ወይስ በተቃራኒው ከሻጯ ጋር እየተከራከረ፣ ትንሿ ጣቱ ላይ አጠለቃት። አልወጣ አለች። ሳበ። አዞረ። ጣቱ ቀላ። ግንባሩ አላበው። መብራት የሚሠራ ትልቅ እጅ ነው፣ እሱ ላይ አንዲት የሴት ቀለበት እንባዋን አንጠልጥላ ቆማለች።

«ረጋ በል ወንድሜ፣ ስትጎትተው ያብጣል» አለች ሻጯ፣ በሣህን ውሃና ሳሙና ይዛ እየመጣች። እጁን ሣህኑ ውስጥ ነከረችና ቀና ብላ፣ ፊቷ ሳይፈታ፣ «ካልወጣ ግን እንግዲህ የታጨኸው አንተ ነህ» አለችው።

ሳቅኩ። የወርቅ ቤቱ መስታወት እስኪንቀጠቀጥ ሳቅኩ። ሻጯ ከኔ ሳቅ የተነሣ ሣህኑን ልትደፋ ደረሰች፣ ሌላ ደንበኛ ሴት ነገሩን ሳታውቅ አብራን ትስቃለች። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ፊት ሳቅኩ፤ አሁን ይስቃል፣ አሁን ሰማኝ ብዬ ዓይኔን ጠርጌ አየሁት።

አልሳቀም። እጁ ሳሙናው ውስጥ እንዳለ፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ አድርጎ አየኝ። ከዚያ ወደ ሻጯ ዞረ።

«ይቅርታ አድርጊልን» አላት። «እንዲህ አይደለችም።»

ቀለበቷ ወጣች። ሻጯ አድርቃ ካርቶኗ ውስጥ ልታደርጋት ስትል ቆዪ፣ ተመልሰን እንመጣለን አልኳት። ወጣን። ያካፋል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። እሱ ጃንጥላውን ለእኔ ይዞልኛል፣ ግማሽ ትከሻው ይረጥባል። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሲናገር ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ምን ነካሽ?»

«ሳቅኩ።»

«እሱማ ሰማሁ። ሰው ሁሉ ሰማ።»

«ሳቄ እንዲህ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው።»

ጃንጥላውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «እኔ የማውቅሽ እንዲህ አይደለሽም።»

«አንተ የምታውቀኝ ለቅሶ ቤት ነው።»

ቆመ። ፊቱ ላይ ርኅራኄ አየሁ፣ እውነተኛ ርኅራኄ። «ገብቶኛል» አለኝ። «ሐዘን እኮ ብዙ ነገር ያደርጋል። አንዳንዴ እንዲህ ሆኖ ነው የሚወጣው። አይዞሽ፣ እጸልይልሻለሁ። ቀስ እያልሽ ወደ ራስሽ ትመለሻለሽ።»

ሳቄን በሽታ አደረገው፣ ዝምታዬን ደግሞ ጤና። እህቴ ከሞተች ወዲህ ያለችውን፣ ጓዳ ገብታ ግድግዳ የምታየውን ሴት፣ እኔን አድርጎ ይዟታል። በእኔ ላይ ከደረሰው ሁሉ የከፋውን ነገር ወደደ፤ ሳንሱሲ ያለውን ቤት የተከራየውም ለእሷ ነው።

«ባልመለስስ?» አልኩት። «ጫፏ የሾለችውን ግዛልኝ ብልህስ?»

«እሷ ላንቺ አትሆንም» አለ በፍቅር። «እሷ ለሌላ ዓይነት ሴት ናት።»

«ሌላዋ ዓይነት ሴት እኔ ነኝ።»

ጃንጥላውን ትንሽ ወደ እኔ አስጠጋ፣ ረዳቱ የሰፈራችንን ስም እየጠራ መጣ፣ ታክሲ ገባን፣ ሂሳቤን እሱ ከፈለ።

አስተማሪያችን በመጀመሪያው ቀን የነገረን ነገር ነበር፤ ጉዳዩ ለምእመኑ ከመታወጁ በፊት ከሁለት አንዱ ቢያፈገፍግ ነውር የለውም፣ ትምህርቱ ለዚሁ ነው ብሎን ነበር። ያኔ ይህን የሚሰማ ጥንድ ሁሉ እንደሚያደርገው ተያይተን ፈገግ ብለን አለፍነው። አሁን እኔ ተጠቀምኩበት። ሽማግሌው ከነባለቤቱ ባሉበት፣ እሱም ባለበት፣ አልችልም አልኩ። «ምን በደልኩሽ?» አለኝ። ምንም አልበደለኝም። እንዲያውም ለማስረዳት ስሞክር የሽማግሌው ባለቤት «በሳቅ ምክንያት?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ፣ እኔም በራሴ ጆሮ ስሰማው የዕብድ ነገር መሰለኝ። እሱ አለቀሰ። ሳይጮህ ነበር ያለቀሰው።

ቤት ስመለስ እናቴ ቅቤ በኮባ እየጠቀለለች ነበር። ሽማግሌ ተቀብላ እሺ ያለችውን ነገር ነው ያፈረስኩባት፤ ገበያ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው አስቀድማ ነግራለች። ነገርኳት። እጇን ሳታቆም ሰማችኝ።

«ምን አደረገሽ?»

«ምንም። ሳቄን አልወደደውም።»

እጇ ቆመ። ዓይኗን ከኮባው አላነሣችም። ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«እኔ የማላውቅ ይመስልሻል?» አለች በመጨረሻ። «አፍሽን ይዘሽ ጓዳ ስትገቢ አላይም? አያለሁ። እያየሁ ነው ዝም ያልኩሽ። ስትስቂ እሷ የመጣች ይመስለኛል፣ ሮጬ ስመጣ የለችም። ሁለተኛ ትሞትብኛለች። ስለማልችል ነው።»

«አውቃለሁ እማዬ።»

«እኔ ካልቻልኩት፣ እሱም ካልፈለገው፣» አለች፣ አሁን ቀና ብላ አየችኝ፣ «የት ልትስቂ ነው ታዲያ ልጄ?»

አጠገቧ ተቀምጬ ኮባውን ያዝኩላት፣ እስኪመሽ ጠቀለልን።

ከዚያ ወዲህ እናቴ አዲስ ልማድ አመጣች። ከገበያ ስትመለስ፣ እኔም ከሥራ ስገባ፣ ቀልድ የሚታይበትን ጣቢያ ፈልጋ ቴሌቪዥኑን ትከፍትልኛለች። ነጠላዋን ትለብሳለች። «እስቲ ወጣ ብዬ ልምጣ» ትላለች፣ የት እንደምትሄድ አትናገርም። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። የሰፈራችን ጫፍ ላይ የብረት በር የሚሠሩበት ቤት አለ፣ የብረት መፍጫ ማሽኑ ሲነሣ ሰው ከሰው አይደማመጥም። እዚያ ደጃፍ፣ ድንጋይ ላይ፣ ነጠላዋን ጆሮዋ ድረስ ተከናንባ ተቀምጣለች።

እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት እቀመጣለሁ። ሰዎቹ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ ሌላ ሰው የሳቀው ሳቅ ከኋላ ይመጣል። እኔን ምንም አያስቀኝም። ከእህቴ ጋር ስንስቅ አንዳችን ሌላችንን እያየን ነበር፤ ለብቻዬ እንዴት እንደሚሳቅ አላውቅም። ቁጭ ብዬ ሰዓቱ እስኪሄድላት እጠብቃለሁ።

ስትመለስ እናቴ በገዛ ቤቷ በር ላይ ቆማ ታንኳኳለች። ግቢ እስክላት አትገባም። ነጠላዋን እያወለቀች፣ ፊቴን ሳታይ፣ «ሳቅሽ?» ትለኛለች።

«አዎ እማዬ፣ ሳቅኩ» እላታለሁ።

«ጎሽ» ትላለች፣ ቴሌቪዥኑንም ትዘጋዋለች።